ማንም ያላቋረጠበት ክፍል

የሒሳብ መምህሩን ተማሪዎቹ «አማካይ» ይሉታል። ቅጽል ስሙ የወጣለት ነገር ሁሉ መሃል መሃሉን ሲሆን ደስ ስለሚለው ነው። ሻዩን ለብ ሲል ነው የሚጠጣው፤ ሁለት ሰዎች ሲጨቃጨቁ ካየም «በቃ፣ ለሁለት እናካፍለውና ይለቅ» ማለት ይቀናዋል። ክፉ ሰው አይደለም። ሰው ማስቀየም ግን ሞቱ ነው፤ ያን ዓመት ጣጣ ውስጥ የከተተውም ይኸው ጠባዩ ነው።

ነገሩ የጀመረው የልብስ ሰፊው ልጅ ከትምህርት የቀረች ጊዜ ነው። መስኮት አጠገብ የምትቀመጥ፣ ዝምተኛ፣ ደብተሯን እንደ ቀሚስ ጠርዝ አስተካክላ የምታሰምር ልጅ ነበረች። የአባቷ ዓይን ደከመና መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተው። ሌላ የሚረዳው ስላልነበረ ልጅቱ ስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠች። አማካይ ስም ሲጠራ አንድ ሳምንት «ቀሪ» አለ፤ ቀጥሎም «ቀሪ» አለ። የክፍሉ ኃላፊ እሱ ነውና በመጨረሻ ለዳይሬክተሩ ሊያመለክት ሄደ።

«አንዲት ተማሪ አቋርጣብኛለች» አለ።

ዳይሬክተሩ ከወንበራቸው ብድግ ብለው በሩን ዘጉት።

«ያንን ቃል እዚህ ግቢ ውስጥ እንዳትደግመው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የእኛ ትምህርት ቤት የማቋረጥ ምጣኔ ስንት ነው?»

«ባለፈው ዓመት እንኳ...»

«ዜሮ ነው። ባለፈው ዓመትም ዜሮ፣ ዘንድሮም ዜሮ። ግድግዳው ላይ ተጽፏል፤ ዞር በልና እየው።»

ዞር ብሎ አየው። እውነትም ተጽፏል። የዘንድሮው ቀለም ገና አልደረቀም ነበር።

«ልጅቱ ግን የለችም» አለ አማካይ።

«የለችም ማለትና አቋርጣለች ማለት ለየቅል ናቸው። መመሪያ አታነብም? አቋራጭ ማለት በመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ውጤት ያልተሞላለት ተማሪ ነው ይላል። ውጤት ከተሞላላት አላቋረጠችም፤ አለቀ።»

«ፈተና ያልተቀመጠች ልጅ ምን ብዬ ልሙላላት?»

«የሒሳብ መምህሩ እኔ ነኝ አንተ?»

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ሰው ቢሆን «እንዲህ ያለ ነገር አልሠራም» ብሎ ይወጣ ነበር፤ ወይም ተነሥቶ ልብስ ሰፊው ቤት ይሄድና ልጅቱ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ የምትመጣበትን ዘዴ ይመክር ነበር። አማካይ ግን ቆሞ ማስላት ጀመረ። ዜሮ ቢሞላላት ትወድቃለች። መቶ ቢሞላላት ሌሎቹን ትበድላለች። የክፍሉን አማካይ ቢሞላላት ግን የክፍሉ አማካይ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ማንንም የማይነካ ማርክ! ሐሳቡ ራሱን ገረመው።

ዳይሬክተሩ ሲሰሙት ግንባሩን ሊስሙት ምንም አልቀራቸው። «ዘንድሮ በአንተ ክፍል እንሞክረው፤ ለከርሞ ለሁሉም ክፍል ይሆናል» አሉ።

ማታ ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ ፋርማሲ ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ከነጉዳቱ ስታስረዳ ስለምትውል በቀላሉ አትደሰትም።

«ማንንም የማይነካ ነገር አላውቅም» አለችው። «ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፤ ቆይ ይመጣልሃል።»

መጣ። የመጣው ካርድ በተሰጠ ዕለት ነው። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም የጎረቤቱን ውጤት ሲያይ፣ የልብስ ሰፊው ልጅ ስልሳ አንድ ማምጣቷ ታወቀ። የትምህርት ቤቱ እግር ኳስ ቡድን በረኛ አርባ ስምንት የተጻፈበትን ካርዱን አንጠልጥሎ መጣ።

«ቲቸር፣ እሷ ሱሪ ስታሳጥር ከርማ ስልሳ አንድ፣ እኔ እዚህ አናቴ እስኪዞር ተጎልቼ አርባ ስምንት?»

«የሷ አማካይ ነው።»

«የቀረ ሰው ሁሉ አማካይ ይሰጠዋል?»

አማካይ ሪፖርት ላይ እንጂ ፊት ለፊት መዋሸት አይሆንለትም። «አዎ» አለ።

በረኛው ጥቂት አሰበ። ዕድሜውን ሙሉ በሒሳብ ሲወድቅ የኖረው ልጅ በዚያች ደቂቃ ከክፍሉ ሁሉ ቀድሞ ስሌቱ ገባው። ቦርሳውን አነሣ፣ «ደህና ይዋሉ ቲቸር» አለና ወጣ።

በማግስቱ ከስልሳ አንድ በታች የነበሩት ሁሉ አልመጡም። እነሱ ሲቀሩ የወሩ ፈተና አማካይ ሰባ ሁለት ገባ። ትናንት «እኛስ ደህና ነን» ብለው መማር የቀጠሉት ባለ ስልሳ አምስትና ባለ ሰባዎቹ ከእንቅልፋቸው ሲነቁ ከአማካይ በታች ሆነው አገኙት። እነሱም ቀሩ። አማካዩ ሰማንያ ገባ። ጎበዞቹ እርስ በርስ በጎሪጥ መተያየት ጀመሩ፤ ማን ከማን በታች እንደሆነ ሳያውቅ የሚያድር አልነበረም።

ወላጆቹ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥሎ ተረዱ፣ ከተረዱ በኋላ ደግሞ ከልጆቻቸው ባሱ። አማካይ አንድ ጠዋት በር ላይ የገጠመውን መቼም አይረሳውም። አንዲት እናት ወንድ ልጃቸውን በእጁ ይዘው እየጎተቱ ነበር፤ ወደ ውጭ።

«ምን ልትሠራ መጣህ? ማርክህን ልታበላሽ? ሂድ ወደ ቤት!»

«እማ፣ ዛሬ ላብራቶሪ አለን...»

«ላብራቶሪህን ይዘህ ጥፋ! የጎረቤት ልጅ እቤቱ ተኝቶ ሰማንያ ሲያመጣ፣ አንተ እዚህ እየመጣህ ሰባ ሁለት ልታሳቅፈኝ?»

ዘበኛው ግራ ገባው። ሥራ ከያዘ ጀምሮ አጥር ዘለው የሚወጡትን ሲያባርር የኖረ ሰው፣ አሁን ትምህርት ናፍቋቸው አጥር ዘለው የሚገቡትን ለወላጆቻቸው ማስረከብ ሆነ ሥራው።

አማካይ ነገሩ ከእጁ መውጣቱ ሲገባው እንደገና ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄደ።

«ጋሼ፣ ክፍሉ እኮ ባዶ እየሆነ ነው።»

«አማካዩስ?»

«አማካዩ ሰማንያ ስድስት ነው፤ ነገር ግን...»

«ያቋረጠስ?»

«በመመሪያው መሠረት ማንም የለም፤ ነገር ግን...»

«ወንበር አልተሰበረ፣ ግድግዳ አልቆሸሸ፣ ቾክ አላለቀ! ሃያ ዓመት ዳይሬክተር ስሆን እንደ ዘንድሮ ያለ ክፍል አይቼ አላውቅም። አንተ ሰውዬ፣ ደስታ አይስማማህም እንዴ?»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት የአማካይ ምላስ ጫፍ ላይ መጣ። ዋጠው፤ ሰው ማስቀየም አይወድም።

በዚያው ሰሞን የልብስ ሰፊው ልጅ ራሷ መጣች። አንገቷ ላይ ሜትር አጥልቃ፣ ጣቶቿ ላይ የጣቃ ብናኝ እንዳለ ነው የመጣችው። አማካይ ሲያያት ደነገጠ፤ በሮስተር ላይ እንጂ በአካል ካያት ቆይቷል።

«ቲቸር፣ የማታ ልማር ነው» አለች። «አባቴ ቀን ቀን ከሠራሽልኝ ማታ ማታ ተማሪ አለኝ። የማታዎቹ ግን የሚቀበሉት የቀኑን ያቋረጠ ሰው ብቻ ነው። አቋርጣለች የሚል ወረቀት አምጪ አሉኝ።»

«ይኼማ ቀላል ነው» አለ አማካይ፤ እንደ አፉ ግን አልነበረም። ይዟት ቢሮ ገባ። ዳይሬክተሩ ጥያቄዋን ሰምተው ሮስተሩን ገለጡ።

«የኔ ልጅ፣ አንቺ እኮ አላቋረጥሽም።»

«አቋርጫለሁ እንጂ ጋሼ። ስፌት ቤት ነው የምውለው።»

«እዚህ ሰማንያ ስድስት አለሽ። እንዲህ ያለች ጎበዝ ተማሪ አቋርጣለች ብዬ ልጻፍ? ውሸት ነው እኮ! እኔ ደግሞ በውሸት ላይ አልፈርምም።»

«ግን እኮ እዚህ የለሁም።»

«አሁን ፊቴ ቆመሽ አይደል እንዴ የምታወሪኝ?»

ልጅቱ መጀመሪያ ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነበር። ቀልድ አለመሆኑን ስታውቅ ከንፈሯን ነክሳ ወደ አማካይ ዞረች፤ አንድ ነገር ይላል ብላ ጠበቀች። አማካይ ግን መሬት መሬቱን ያይ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። የምን ምስጋና እንደሆነ አልገባውም። ያን ቀን ሻዩ በረዶ እስኪሆን ሳይጠጣው ቀረ።

የዓመቱ ማብቂያ ፈተና አንድ ወር ሲቀረው ክፍሉ ውስጥ አንዲት ልጅ ብቻ ቀረች። «ጠበቃ» ነው የሚሏት፤ ካልተከራከረች እንጀራ አይበላላትም። መምህር «ደህና አደራችሁ» ሲል እንኳ «ማስረጃው ምንድነው?» ማለት የሚቃጣት ናት። ዘጠና ሰባት ነበራት። ብቻዋን ስለሆነች የክፍሉ አማካይም ዘጠና ሰባት ሆነ፤ ስለዚህ ቤቱ ያለው ሁሉ ዘጠና ሰባት ተሞላለት። በረኛው ዘጠና ሰባት አገኘ። መላው ክፍል አንደኛ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ሠፈሩ ለጠበቃ እንደ ንግሥት ተነሣ። አንዲት ልጅ ብታነጥስ የሠፈሩ ልጆች ውጤት ሁሉ አብሮ ያነጥሳላ! ዳቦ ቤት የሚሠሩት እናቷ ከሥራ ሲመለሱ ሳሎናቸው በወላጆች ተሞልቶ ያገኙታል። አንዱ ማር፣ አንዱ እንቁላል፣ አንዷ በብርድ እንዳትመታ ሹራብ ይዘው ይመጣሉ።

«እባክሽ የኔ እመቤት፣ ኬሚስትሪውን ደግመሽ እዪልን» ይላሉ የበረኛው አባት፣ ሽማግሌው ሰውዬ ለአንዲት ፍሬ ልጅ ጎንበስ ብለው። «ልጄ መሐንዲስ መሆን ይፈልጋል።»

«ልጅዎ ራሱ አያይም?» ትላለች ጠበቃ።

«እሱማ ካየው ይወድቃል።»

እናቷ አንድ ቀን ትዕግሥታቸው አለቀ። «ልጄን ልቀቋት! ለማኝ ሁሉ! የራሳችሁን ልጆች አስተምሩ!» ብለው በሩን ከፈቱ። ማንም አልተነሣም። እንዲያውም አንዱ «እትዬ፣ ድምፅዎን ይቀንሱ፤ እያጠናች ነው» አላቸው።

ማንም ያልጠረጠረው ጠበቃ መናፈቋን ነው። ከማር ይልቅ የምትከራከረው ሰው ነበር ያማራት። ባዶው ክፍል ውስጥ እጇን ስታወጣ አማካይ «እሺ፣ ሌላ ሰው?» ይላል ከልማድ የተነሣ። ሌላ ሰው የለም። አንድ ጠዋት ደብተሯን ዘጋች።

«ቲቸር፣ አንደኛ ማን ነው?»

«አንቺ።»

«መጨረሻስ?»

አማካይ አሰበና «እሱም አንቺ» አለ።

«እንግዲያው ወስኛለሁ። ፈተናው ላይ ስሜን ጽፌ ባዶ ወረቀት ነው የማስረክበው።»

«ምን ሆንሽ? ትወድቂያለሽ እኮ!»

«ብቻዬን አልወድቅማ! አማካዩ ዜሮ ይሆናል፤ ዜሮ ደግሞ ለሁሉም ይሞላል። ደንቡ የእርስዎ አይደለም?»

የእሱ ነበር። አማካይ ተቆጥቶ መገሠጽ ነበረበት፤ እሱ ግን ከዚያ ሁሉ ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ መጣ። እስኪያስለው ሳቀ። ጠበቃ ቦርሳዋን ይዛ ወጥታ ውሳኔዋን ሳሎናቸው ለተቀመጡት ወላጆች በአካል ነገረቻቸው፤ ከሰዓት በኋላ ያልሰማ ቤት አልነበረም። ለመኗት፣ አለቀሱላት፣ አስፈራሯት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ጠበቃ አንዴ ከወሰነች ወሰነች ነው።

በፈተናው ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ተጨናነቀ። ወላጆች ልጆቻቸውን አሁን ወደ ውስጥ ይገፉ ጀመር። በረኛው የፈተና እርሳስ የለውም፣ አንዷ ክፍሉ የቱ ጋ እንደሆነ ጠፍቷታል፣ ሁሉም የጠፋበት ደብተር አለው። ጠበቃ ገብታ ክፍሉ ግጥም ብሎ ሞልቶ ስታየው ዓይኗ በራ። ወንበሯ ላይ ለተቀመጠችው ልጅ ወዲያው «ይኼ የኔ ወንበር ነው» ብላ ጠብ ጀመረች፤ ከዚያም ረክታ ተቀምጣ እስክሪብቶዋን አወጣች። ባዶ ወረቀት የማስረከቡ ነገር ተረሳ።

በዚያው ቀን ነው ከበላይ መሥሪያ ቤት አንዲት ሱፐርቫይዘር የመጡት። ሪፖርቱን በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው ተማሪ ቆጠሩ። ከልብስ ሰፊው ልጅ በቀር ልክ ሆነ።

«በሥራ ዘመኔ ሪፖርትና ክፍል ሲገጥም ዛሬ ገና አየሁ» አሉ። ዳይሬክተሩን ሳይታሰብ እውነት ሆኖ የተገኘው ሪፖርታቸው አስደንግጧቸው ላብ አጠመቃቸው።

ፈተናው ታረመ። ጠበቃ ዘጠና ስድስት አገኘች። የሌሎቹ ግን አይወራም፤ ወራት ቤታቸው የከረሙ ልጆች ናቸው። የክፍሉ አማካይ ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። ሱፐርቫይዘሯ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አደረጉት።

«ባለፈው ወር ዘጠና ሰባት፣ አሁን ሠላሳ ዘጠኝ?» አሉ። «ሰው በአንድ ወር እንዲህ አይደነቁርም። እነዚህ ያው ልጆች ናቸው?»

ዳይሬክተሩ ሁለት መንገድ ታያቸው። አንደኛው እውነቱን ተናግሮ ወንበራቸውን መልቀቅ ነው። ሁለተኛውን መረጡ።

«አይደሉም» አሉ። «እነዚህ አዲስ የገቡ ናቸው።»

«ባለ ዘጠና ሰባቶቹስ?»

ዳይሬክተሩ ያንን በግቢያቸው የከለከሉትን ቃል ከማውጣታቸው በፊት በሩ መዘጋቱን አረጋገጡ። «አቋረጡ» አሉ በስተመጨረሻ። «ሁሉም።»

«ስማቸው አንድ ዓይነት ነው እኮ!»

«ሞክሼዎች ናቸው።»

«ክፍሉ በሙሉ?»

«ከነአባት ስማቸው» አሉ ዳይሬክተሩ።

ሱፐርቫይዘሯ እስክሪብቶአቸውን አወጡ። እሳቸውም የሚሞሉት ሪፖርት፣ የሚጠይቃቸው አለቃ ነበራቸው። ውጤት ወረደ ቢሉ ሰው ይጠየቃል፤ ተማሪ ተለወጠ ቢሉ ግን ማንም አይጠየቅም። «እንግዲያው ለእያንዳንዱ የማቋረጫ ወረቀት ይጻፍለት» ብለው ሪፖርቱን አጠፉት።

መጻፉ በአማካይ ላይ ወደቀ። እንዲህ ሆነና፣ ማንም ባልነበረበት ጊዜ ማንም ያላቋረጠበት ክፍል፣ ሁሉም የመጣ ቀን ሁሉም አቋረጠ ተባለ። አማካይ ፊት ለፊታቸው ቆሞ በየተራ ስም ጠራ። «አለሁ» የሚል እየመጣ «አቋርጧል» የሚል ወረቀት ተቀብሎ ወንበሩ ላይ ይመለሳል። በረኛው ወረቀቱን አንብቦ «ቲቸር፣ አሁን እኔ ማነኝ?» አለ።

«የራስህ ሞክሼ ነህ» አለው አማካይ። «ተቀመጥና ካለፈው መንፈቀ ዓመት እንጀምር። ብዙ ይቀረናል።»

ጠበቃ ብቻ ውጤቷ ብዙም ስላልወረደ ወረቀት አልተጻፈላትም፤ ለምን እኔ ብቻ አላቋረጥኩም ብላ አመለከተች፤ እስከ ዛሬም መልስ አልተሰጣትም። ዳይሬክተሩ በገዛ እጃቸው ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ዜሮ ሲፍቁ ከሰነበቱ በኋላ ከላይ ደብዳቤ መጣላቸው። ፈራ ተባ እያሉ ሲከፍቱት፣ አንድ ክፍል ሙሉ አዲስ ተማሪ በዓመቱ መጨረሻ በማስገባት ያገኙትን ልምድ ለሌሎች ዳይሬክተሮች እንዲያካፍሉ የሚጋብዝ ነበር። ሄደው አካፈሉ።

አማካይ ግን የሚያስቸኩለው ሌላ ነገር ነበረው። ከተጻፉት ወረቀቶች መሃል አንዱን አጥፎ በኪሱ አደረገና ልብስ ሰፊው ቤት ሄደ። ልጅቱ የስፌት መኪናውን መርገጧን ሳታቆም ቀና አለች። ወረቀቱን ዘረጋላት።

«አቋርጠሻል» አላት። ምሥራች እንደሚያበስር ሰው አፉን ሞልቶ ነበር የተናገረው።

ልጅቱ መኪናውን አቆመች። ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችና ለአባቷ ጮክ ብላ ደገመችለት። አባቷ «ተመስገን» አለ። ከዚያ አማካይ፣ ማንንም ማስቀየም የማይወደው ሰው፣ ቆሞ «ያን ቀን ቢሮ ውስጥ መናገር ነበረብኝ፤ ዝም አልኩ» አላት። ልጅቱ አላጽናናችውም። «አዎ፣ ነበረብዎት» አለችውና የለበሰውን ኮት እጅጌ አየት አድርጋ «ቁልፉ ሊወልቅ ነው፤ ያውልቁትና ልትከልልዎት» አለች።

ለከርሞ አማካይ የማታ ክፍልም እንዲሰጡት ጠየቀ። የመጀመሪያው ፈተና ላይ የልብስ ሰፊው ልጅ ሃምሳ ሦስት አመጣች። አላረካትም፤ ወረቀቷን ይዛ ወደ ፊት መጣች።

«አራተኛውን ጥያቄ ደግመው ይዩልኝ ቲቸር፤ ልክ ነኝ።»

አማካይ ደግሞ አየው። ልክ አልነበረችም፤ የመቀነስ ምልክቷን ዘንግታለች። አንድ ሁለት ማርክ ጨምሮ ሊሸኛት እጁ ሲሄድ ተሰማው። እጁን መለሰና ስህተቷን አሳያት። ልጅቱ ፊቷን ቋጠር አድርጋ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ከመጀመሪያው መሥራት ጀመረች።